ወንበር የተከፈለለት ኮምፒዩተር

ቁጡ ነህ ይሉኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ቁጡ ባይሆን ነበር የሚገርመው። ቢሆንም በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ሃያ ቀን፣ ከደጀን በተሳፈርሁበት አውቶቡስ ውስጥ የተቆጣሁት በከንቱ አልነበረም። የታመመች እኅቴን ጠይቄ ወደ ደብረ ማርቆስ መመለሴ ነው፤ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል፤ ሰው ያልተቀመጠበት ወንበር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ወንበር ላይ በነጭ ጋቢ የተጠቀለለ ሣጥን መሳይ ነገር ተደላድሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው አቅፈውታል።

«አባቴ፣ ይህን ዕቃ ዝቅ ያድርጉልኝና ልቀመጥ» አልሁ።

«አይሆንም ወንድሜ፤ ተከፍሎለታል።»

«ለማን ነው የተከፈለው?»

«ለእሱ ነዋ! ከአዲስ አበባ እስከ ማርቆስ ሙሉ ትኬት ቆርጨለታለሁ።»

ምነው ሸዋ! ዕቃ ተቀምጦ ሰው ሲቆም አየሁ በዚህ ዕድሜዬ። ልጮህ አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀና አሉ፤ ያን ጊዜ አወቅኋቸው። መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው። በደብረ ማርቆስ ጠዋት ጠዋት ድጓ ያስተምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰባት ሴቶች በሚሠሩበት ሱቃቸው ልብሰ ተክህኖ ያሰፋሉ፣ ያስጠልፋሉ። ከሉማሜ እስከ ደምበጫ እሳቸውን የማያውቅ ካህን ያለ አይመስለኝም።

«የኔታ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ኧረ መምህር አምደሚካኤል! ይቅር ይበሉኝ፣ አላስተዋልሁዎትም። ይህ እኮ ኮምፒዩተሬ ነው፤ ሲፒዩ የሚሉት ሣጥኑ። የሃያ ስድስት ዓመት የጥልፍ ንድፌ፣ የካህናቱ ልክ፣ ማን ምን እንዳዘዘ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው። የወርቅ ክርና ከፋይ ጨርቅ ልገዛ ለአራት ቀን አዲስ አበባ ስሄድ ይዠው ሄድሁ፤ ይኸው ይዠው እየተመለስሁ ነው።»

«ምነው ሱቁ ውስጥ ቆልፈው ቢሄዱ?»

«እግሬ አዲስ አበባ፣ ልቤ ማርቆስ ሆኖ? አይሆንልኝም።»

ከኋላችን አንዲት ወጣት ሳቋን ልትውጥ ስትታገል ሰማሁ። ዞር ብል የድሮ ተማሪዬ ትሕትና ናት። ካርታ መሣል የማይሆንላት፣ ክርክር ላይ ግን የሚችላት ያልነበረ ልጅ። ኮሌጅ ኮምፒዩተር ተምራ፣ አሁን አምበር ከተማ የዘር ድንች በሚያባዙ ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ መዝገብ ትይዛለች። ጎረቤቷን ጠጋ አስብላ ግማሽ ወንበር ሰጠችኝ። እኔም ግማሽ መቀመጫዬን አየር ላይ አድርጌ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«የኔታ፣ ልድፈርዎትና አንድ ነገር ልጠይቅ?» አለች።

«ጠይቂ ልጄ።»

«እርስዎ ይህን ይዘው አራት ቀን አዲስ አበባ ሲቆዩ፣ ሱቁ ውስጥ ያሉት ሴቶች በምን ይሠራሉ?»

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበሱ። «የተቆረጠ ይሰፋሉ። ሲያልቅ… ያው ይጠብቁኛል።»

«ሰባት ሰው ቁጭ ብሎ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፤ በሰው የተነደፍሁ ነኝ። ጸጋው የሚባል ሠራተኛ ነበረኝ፤ ከመርፌ አያያዝ ጀምሮ ያስተማርሁት። አንድ ቀን ንድፎቼን በፍላሽ ገልብጦ ወጣ። በወሩ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ስድስት ወር የደከምሁበት መስቀል በሌላ ሰው መስኮት ተሰቅሎ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሰው ልክ ስወስድ በወረቀት እጽፍና፣ ራሴ ኮምፒዩተሩ ላይ አስገብቼ ወረቀቱን አቃጥላለሁ። ሁለተኛ ዓይን እንዳያየው።»

እውነቴን ልናገር፤ በዚህ ጊዜ እኔ ከእሳቸው ጋር ነበርሁ። ሰው በራሱ ቁልፍ ያልቆለፈው ነገር የራሱ አይመስለኝም። ትሕትና ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ሐዘንዎ ይገባኛል፣ የኔታ። ነገር ግን ንድፉን ከሌባ ሲሸሽጉ ከራስዎ ሠራተኛም ሸሸጉት። ዛሬ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ሥራቸውን ክላውድ ወደሚሉት አዛውረዋል። የኛም ማኅበር ካዛወረ ሁለት ዓመቱ ነው። ንድፉም፣ ልኩም፣ ትዕዛዙም በኢንተርኔት ተልኮ፣ ሥራዬ ብለው በሚጠብቁ ሰዎች እጅ ባሉ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጣል። አንዱ ቢበላሽ በሌላው ላይ ቅጂ አለ። እርስዎ በይለፍ ቃልዎ ከሱቅዎም፣ ከቤትዎም፣ ከዚህ አውቶቡስም ይከፍቱታል።»

«ክላውድ ማለት ደመና አይደለም እንዴ? እኔ ደመና ሳይ ያሰጣሁትን እህል ነው የማስገባው!»

አውቶቡሱ ሳቀ። ትሕትናም አብራ ሳቀች። «ስሙ ነው እንጂ የኔታ፣ ቤቱ መሬት ላይ ነው። ግድግዳ አለው፤ ዘበኛ አለው።»

«የማን ቤት? የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው አገር! እኔ ለገዛ ዘመዴ ያላመንሁትን ለባዕድ ላስረክብ? ኔትወርኩስ? ማርቆስ ውስጥ እንኳ አንዳንድ ቀን ስልክ አያስደውልም። መብራትስ ሲጠፋ?»

«ሁሉም እውነት ነው። ኔትወርክ ይጠፋል፤ እኛም አምበር ላይ ስንቴ ተቸግረናል። ስለዚህ ስልኩ ላይ እንጽፋለን፤ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይልከዋል። ግን…»

ንግግሯን ሳትጨርስ ከበታቻችን ቧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሉማሜ መግቢያ ላይ የኋላው ጎማ ፈነዳ።

ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር ሦስታችንም ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የወይዘሮ ሽታዬ ሻይ ቤት ገባን። መሪጌታ ሲፒዩውን ከነጋቢው ተሸክመው አወረዱት፤ እዚያም ወንበር ሰጡት። ወይዘሮ ሽታዬ የተጠቀለለውን ነገር አይታ «ለእሳቸውስ ሻይ ላምጣ?» ስትል ሳቄ አመለጠኝ። መሪጌታ ግን አልሳቁም፤ ስልካቸው ጮኾ ነበር።

ደዋይዋ በሱቁ ያሉት ሴቶች ኃላፊ ሥራነሽ ናት። ድምፅዋ ለሁላችንም ይሰማል።

«የኔታ፣ ቄሰ ገበዝ እንዳላማው ከደምበጫ መጥተዋል። ሁለት ሽማግሌዎች ይዘዋል። የተሠራ ነገር አሳዩን ይላሉ፤ ምን ላሳያቸው? ንድፉ እርስዎ ጋ፣ ልኩ እርስዎ ጋ። አንድ ካባ እንኳ አልቆረጥንም። ‹ቅዳሴ ቤቱ ኅዳር አሥራ ሁለት ነው፤ ዛሬ ተጨባጭ ነገር ካላየን የተሰፋ ከአዲስ አበባ እናመጣለን› እያሉ ነው። ልጆቹም ሰምተው ፊታቸው ጠቁሯል።»

«ያዣቸው! በእመቤታችን ያዣቸው! እየደረስሁ ነው በያቸው!»

ስልኩን ዘጉና ሲፒዩውን ሳብ አድርገው አቀፉት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከደምበጫ ገባ ብሎ ባለ አንድ ገጠር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ፣ ሠላሳ ስድስት ካህናትና ዲያቆናት በአንድ ቀን አዲስ ልብሰ ተክህኖ ሊለብሱ ነው። መሪጌታ ራሳቸው በበቅሎ ሄደው ልካቸውን ወስደዋል። ይህ ሥራ ከእጃቸው ከወጣ የዓመቱ ሥራ ወጣ ማለት ነው።

«ሰባት ሴቶች አሉ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ ከቀረ አራቱን ላሰናብት ነው። ሥራነሽ ሦስት ልጆች ለብቻዋ ነው የምታሳድግ። ምን ብዬ ላያቸው?»

ሻዩን ወደ እሳቸው ጠጋ አደረግሁላቸው። ትሕትና ግን ያገኘችውን በር አልለቀቀችም።

«የኔታ፣ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ግን ልበለው። ልኩ ክላውድ ላይ ቢሆን ኖሮ ሥራነሽ እርስዎ አዲስ አበባ ሳሉ ሃያውን ቆርጣ ነበር። እኛን ያየን እንደሆነ፣ አምና ሐምሌ ጣሪያችን አፍስሶ ኮምፒዩተራችን ተበላሸ። የሁለት መቶ ገበሬ ስም፣ የትኛው ማሳ ላይ የትኛው ዘር እንደተተከለ፣ ያ ሁሉ በዚያ ውስጥ ነበር። ቅጂው ግን ክላውድ ላይ ስለነበር፣ በነጋታው በተዋስነው ኮምፒዩተር ከፍተን ሥራችንን ቀጠልን። የጠፋው ብረቱ ብቻ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ብረትና ድንች አታደባልቂብኝ። የእኔ ንድፍ ድካሜ ነው።»

«እሺ፣ ስለ ድንቹ ይቅር። ስለ ድጓው ልጠይቅዎት። እርስዎ ድጓውን የት ነው ያስቀመጡት?»

መሪጌታ ቀና አሉ። ድጓ ሲነሣባቸው ዓይናቸው ይበራል። «በልቤ ነዋ! ዐሥራ አራት ዓመት የተማርሁት።»

«በእርስዎ ልብ ብቻ?»

«እንዴት በእኔ ብቻ? ስንት ተማሪ አውጥቻለሁ! አንዱ ደምበጫ ነው፣ አንዱ ጎንደር ነው፣ ሁለቱ አዲስ አበባ…»

«እርስዎ አንድ ቀን ድምፅዎ ቢዘጋስ?»

«እነሱ ይቆማሉ! ዜማው ይጠፋል እንዴ?»

«አንዱ ተማሪ ተነሥቶ ከራሱ አንድ የዜማ ምልክት ልጨምር ቢልስ?»

«ማን ፈቅዶለት? ያስመሰከረ መምህር ካልሆነ በቀር ማንም አይነካውም!»

«እንግዲህ የኔታ፣ እኔ ክላውድ የምለው ይኸው ነው። ብዙ ቦታ ተቀምጦ፣ ሁሉም የተፈቀደለትን ያህል ብቻ የሚያይበት። ለድጓው ያሰቡለትን ለንድፍዎ ምነው ነፈጉት?»

መሪጌታ ሻዩን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅምና ትንሽ ቀናሁ።

«ነገሩ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ልቤ ነው እንቢ የሚለው። ካላቀፍሁት ያለ አይመስለኝም።»

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። መሪጌታ ሲፒዩውን በደረታቸው አቅፈው ወጡ። «ልያዝልዎት» ብል እንቢ አሉ። በሻይ ቤቱና በመንገዱ መካከል የጎርፍ ቦይ አለ፤ በላዩ አንዲት ሳንቃ ተጥላለች። ጥቅምት ቢሆንም በዋዜማው የዘነበ ዝናብ ሳንቃዋን አሟልጯታል። ሽማግሌው ሣጥኑ ስለከለላቸው እግራቸውን የሚጥሉበትን አላዩም። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ሲያዳልጣቸው አየሁ። እኔ እሳቸውን በቀሚሳቸው ያዝሁ። ሣጥኑን የያዘው የለም። ማዶ ያለው ኮብልስቶን ላይ በማዕዘኑ ወደቀ፤ ከዚያም ተንከባሎ ቦዩ ውስጥ ገባ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሳቸውን ከጉልበት መላላጥ በቀር ምንም አላገኛቸውም። ግን እንዲያ ያለ ፊት ዳግመኛ ማየት አልሻም። ጭቃው ውስጥ ተንበርክከው ጋቢውን ገለጥ አደረጉና ውኃ ሲንጠባጠብ አዩ። አላለቀሱም። «ወረቀቱን እኔው ነኝ ያቃጠልሁት» ብቻ አሉ።

አውቶቡሱ አምበር ሲደርስ ትሕትና አልወረደችም። ረዳቱ «አምበር! አምበር!» እያለ ቢጮኽ «ማርቆስ ድረስ ነኝ» አለችው። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። «ክርክሩን ጀምሬ፣ ሰውየው ሲወድቁ ልውረድ?» አለችኝ። እሰይ የኔ ልጅ! ለአንዴ ያህል ያስተማርሁት ነገር ከንቱ እንዳልቀረ ተሰማኝ።

ማርቆስ የደረስነው በአሥር ሰዓት ነው። በቀጥታ ወደ አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሄድን። ወጣቱ ሣጥኑን ፈታ፣ ዲስኩን አወጣ፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። «አባቴ፣ አልዋሽዎትም። ይህ አይነሣም» አለ።

ከሱቁ ስንደርስ ቄሰ ገበዝ እንዳላማው በሩ ላይ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ደረቅ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ሴቶቹ ማሽናቸውን ይዘው ዓይናቸው መሪጌታ ላይ ነው። መሪጌታም ሰላምታ ሰጥተው፣ ምንም ሳይሸፋፍኑ የሆነውን ሁሉ ተናገሩ።

«ልካችሁ ጠፋ፤ ንድፉም ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእነዚህ ልጆች አይደለም» ብለው ጨረሱ።

ቄሰ ገበዙ ሽማግሌዎቹን አዩና «እንግዲያማ ምን ቀረን፣ የኔታ?» ብለው ተነሡ።

«አንድ ጊዜ አባቴ፣ ይቆዩልኝ» አለች ትሕትና። ወደ መሪጌታ ዞረች። «ንድፉን ለሌላ ሰው ልከው አያውቁም? ለማሳየት፣ ለማስጠለፍ?»

«እኔ? ለማን ልልክ?» ብለው ጀምረው ቆም አሉ። «ቆይ… በነሐሴ አዲስ አበባ ለአንድ ጥልፍ ቤት፣ ይህንኑ ትልቁን መስቀልና ሁለት ሌላ፣ በወርቅ ክር ሞክሩልኝ ብዬ ሳልወድ ልኬ ነበር። የወንድሜን ልጅ አምጥቼ በኢሜል ነው የላክሁት። እሱው ነው የከፈተልኝ።»

«የይለፍ ቃሉን ያውቁታል?»

መሪጌታ ኮራ አሉ። «አንድ ጊዜ የሰማሁትን የምረሳ ይመስልሻል?» ብለው፣ ዐሥራ ሁለቱን ፊደልና ቁጥር በሹክሹክታ አወረዱላት።

ትሕትና ላፕቶፗን ከፈተች። ኔትወርኩ ሊገድለን ነበር፤ ያቺ ክብ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሴቶቹ ሁሉ ከማሽናቸው ተነሥተው ከበቡን። በመጨረሻም መስቀሉ ወጣ። ከነሐረጉ፣ ከነአበባው፣ አንዲት ክር ሳትጎድል።

«ወይኔ እናቴ!» ብላ ሥራነሽ እልል አለች። መሪጌታ ሉማሜ ላይ ያላፈሰሱትን እንባ አፈሰሱ። ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና «ይኸው ነው፤ እኛ ያዘዝነው ይኸው ነው» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ሁሉም ዳነ ብዬ አላታልልህም። መሪጌታ አንድ መቶ አርባ ያህል ንድፍ ነበራቸው። የተረፈው ሦስት ነው። የቀረው፣ ያ ሁሉ ዓመት ዓይን ያፈሰሰበት፣ ሉማሜ ቦይ ውስጥ ቀረ። ይህን ሳስብ ዛሬም ቆሽቴ ያርራል።

«አያችሁት?» አለች ትሕትና። «ይህ የተረፈው የኔታ ሳያውቁት ክላውድ ላይ ስላስቀመጡት ነው። ኢሜሉም እኮ ያው ነው።»

መሪጌታ እንባቸውን ጠርገው ፊቷ ተቀመጡ። «በይ እንግዲህ። አሁን እንደ ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ተማሪ ልጠይቅሽ። ጸጋው ዳግመኛ ቢመጣስ?»

«ሥራነሽ ልኩን ታያለች፤ ትዕዛዙን ታያለች። የሚጠለፈውን ንድፍ እርስዎ የፈቀዱላት ቀን ታገኘዋለች። ማን በስንት ሰዓት ምን እንደከፈተ ይመዘገባል። ጸጋው በፍላሽ ሲገለብጥ ምን ምልክት ተወልዎት?»

«ምንም።»

«በቃ። አንድ ሰው ቢሰርቅ ቢያንስ ማን እንደሰረቀ ያውቃሉ። ያልሰረቁት ደግሞ ከጥርጣሬ ይድናሉ።»

ከሴቶቹ አንዷ እቴናት «እኛ ስምንት ዓመት እንደ ሌባ ስንታይ ነው የኖርነው» ብላ አጉረመረመች። መሪጌታ ሰምተዋታል። አንገታቸውን ደፉ።

«ድርጅቱ ቢዘጋስ? ያ የማላውቀው ሰው?»

«ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየወሩ አንድ ቅጂ በዲስክ አውርደው ቤትዎ ያስቀምጣሉ። ክላውድ ላይ አለ ተብሎ እጅ አይታጠፍም። ክፍያውም ቢሆን በየወሩ ነው፤ ሲዘነጋ ይዘጋል። ይህን ሳልነግርዎት ብቀር ዋሸሁ ማለት ነው።»

ይህን ጊዜ መሪጌታ ሳቁ፤ ከደጀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው። «መልካም ብቻ ብትነግሪኝ ኖሮ አላምንሽም ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ቄሰ ገበዙ ዞሩ። «አባቴ፣ ነገ ከእርስዎ ጋር እመጣለሁ። በሦስት ቀን የሁሉንም ልክ እንደገና እወስዳለሁ። ኅዳር አሥራ ሁለት ካልለበሱ፣ ጥምጥሜን አውልቄ እሰጥዎታለሁ።»

ቄሰ ገበዙ አንድ ነገር ብቻ አሉ። «ሠላሳ ስድስት ሳይሆን ሠላሳ ስምንት ሆነናል። ሁለት ዲያቆናት ተጨምረዋል።»

«ሠላሳ ስምንት ይሁን!»

እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ምን ሥራ አለኝ? ጸሐፊ ሆኜ ተከተልሁ። ትሕትና ያንኑ ቀን የመሪጌታን ስልክና ከጠጋኙ የተዋስነውን አንድ ኮምፒዩተር አስተካክላ፣ ለሥራነሽ አሳይታ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ አምበር ተመለሰች። እኛ ደምበጫ ወርደን፣ ከዚያ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር ሄድን። መሪጌታ በሜትር ይለካሉ፤ እኔ በወፍራም ጣቴ ስልኩ ላይ እነካካለሁ። ትከሻ፣ እጅጌ፣ ደረት፣ ቁመት። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል የለም። መሪጌታ በየአምስት ደቂቃው «ሄደ?» ይሉኛል። «አልሄደም» እላለሁ። «አላልሁም?» ይሉና መልሰው ሜትሩን ይዘረጋሉ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለሌላ መንደር ካህናት ልክ ጋራውን ስንወጣ ስልኩ በተከታታይ ጮኸ። የሃያ ሦስት ሰው ልክ በአንድ ጊዜ ሄደ። መሪጌታ ቆመው ሰማዩን አዩ፤ ምን እንደሚጠብቁ እንጃ። አንድ ቋጥኝ ላይ ዐረፍ ብለን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሥራነሽ ደወለች።

«የኔታ፣ የቄስ አንለይ እጅጌ ሃያ ስድስት ነው የሚለው። ሕፃን ናቸው እንዴ?»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። ላብ አጠመቀኝ። ስልሳ ሁለት ሲሉኝ ገልብጬ ነው የጻፍሁት። ቄስ አንለይ ሊሸኙን ገና ከኋላችን ነበሩ፤ ተጠርተው መጡ፤ እዚያው ጋራው ላይ እንደገና ተለኩ፤ ስልሳ ሁለት። ሥራነሽ በስልክ ላይ «አሁን አየሁት፣ ተስተካክሏል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ አራት ሰው ቆርጠናል» አለች።

«አራት ቆረጣችሁ? አሁን?»

«አሁን፣ የኔታ። እናንተ ስትለኩ እኛ እንቆርጣለን።»

መሪጌታ ስልኩን ዘግተው ቋጥኙ ላይ ቆዩ። «መምህር» አሉኝ፣ «አምና እንዲህ ያለ ስሕተት የደረሰብኝ ልብሱ ተሰፍቶ፣ በበቅሎ ተጭኖ፣ ሰውየው ሲለብሰው ነው። ከፋይ ፈትቶ መስፋት እንዴት እንደሚያስጠላ! ዛሬ ጨርቁ መቀስ ሳይነካው ታወቀ።» እኔ ግን ስሕተቱ የእኔ ስለነበር ነገሩን ማድነቅ አልቸኮልሁም።

ወደ ማርቆስ ስንመለስ አሥራ አንዱ ካባ ተቆርጦ፣ ሁለቱ ተሰፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ። የጥልፍ ማሽኑ በመብራት ስለሚሠራ ቆመ፤ ማንም ሊያንቀሳቅሰው አልቻለም። ሆኖም ሴቶቹ ልኩን ከስልክ እያዩ በእግር ማሽን ሰፉ። መብራቱ ሲመለስ የጎረቤት ቴሌቪዥን ተቃጠለ፤ የመሪጌታ ልብ ግን አልደነገጠም፤ ኮምፒዩተሩ ቢቃጠልም ሥራው እንደማይጠፋ ያውቃሉና። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ሠላሳ ስምንቱም ለበሱ። ቄስ አንለይ እጅጌያቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ስሕተቱ የማን እንደነበር ሰምተዋል ማለት ነው።

ከበዓሉ በኋላ በግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ ደምበጫ ውስጥ ማተሚያ ቤት ያላት ወይዘሮ ያለምወርቅ መሪጌታን ጠየቀቻቸው። «የኔታ፣ ይህ ክላውድ የሚሉት ነገር እንደኛ ላለ ትንሽ ሰው ምን ይረባል? የትልልቅ ድርጅት አይደለም?»

«እኔም እንዲያ ነበር የምል» አሉ መሪጌታ። «ትልቁማ አንድ ኮምፒዩተር ቢሰበርበት ዐሥር አለው። አንድ ብቻ ያለን እኛ ነን፤ ስትሰበር አብረን የምንሰበር እኛ ነን። አሁን እኔ ታምሜ ብተኛ ሱቁ ይከፈታል። ሥራነሽ ልጇ ቢታመምባት ከቤቷ ሆና ትዕዛዝ ታያለች። ደምበጫ የተለካ ማርቆስ ይቆረጣል። ተጨማሪ ዕቃ ልግዛ አላልሁ፤ የተጠቀምሁበትን ያህል በወር እከፍላለሁ፤ ሥራ ሲበዛ ቦታው ይሰፋል፣ ሲያንስ ይጠባል። ከሁሉ በላይ ግን…» ብለው ወደ ሴቶቹ አዩ። «ከሁሉ በላይ እነዚህን ልጆች ዳግመኛ በሌባ ዓይን አላይም። ለሥራነሽ ንድፎቹን እንድትከፍት ፈቀድሁላት። የጠፉትንም አብራኝ እንደገና እየሣለች ነው፤ እስካሁን ዐሥራ ዘጠኝ አድርሰናል።»

ወይዘሮ ያለምወርቅ የትሕትናን ስልክ ቁጥር ጻፈች።

በጥር ወር እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ስመለስ፣ ደጀን ላይ ያው የአዲስ አበባው አውቶቡስ መጣ። ሙሉ ነው። በመካከል ላይ ጥምጥም አየሁ፤ ከጥምጥሙ አጠገብ ደግሞ ባዶ ወንበር። ሣጥንም የለበት፣ ጋቢም የለበት።

«ይምጡ፣ መምህር!» አሉ መሪጌታ አካለ ወልድ።

«ተከፍሎበታል እንዴ?» አልሁ፣ ነገር መፈለግ አይለቀኝም።

«ተከፍሎበታል። ትኬት ስቆርጥ እጄ ለምዶ ለሁለት ከፈልሁ። ከዚያ ትዝ ሲለኝ ልመልስ አልሁና፣ ‹ደጀን ላይ ያ ቁጡ ሰው ቆሞ ይሆናል› ብዬ ተውሁት።»

ተቀመጥሁ። ለጉልበቴ እንዴት ያለ ዕረፍት ነው! ሉማሜን ስናልፍ ያችን ቦይ ሁለታችንም አየናት፤ አሁን የብረት ድልድይ ተሠርቶላታል። የመሪጌታ ስልክ ጮኸ፤ ሥራነሽ ናት።

«የኔታ፣ የሉማሜው ካባ አልቋል። ሌላው ትዕዛዝ ላይ እንግባ?»

«ግቡ ልጄ፣ ግቡ» አሉ። ስልኩን ዘግተው፣ እጃቸውን ባዶ ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ እስከ ማርቆስ እንቅልፋቸውን ለጠጡ።